በፍቅርና በትዳር ውስጥ የስሜት ጫናን መለየትና የተጎዳችውን ማገዝ፦ ለእህት፣ ለጓደኛ፣ ለሚዜና ለሽማግሌ

ደብረ ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣም ይሁን ዳንግላ፣ በእጮኝነት ወይም በትዳር ውስጥ የተጨነቀች ሴት መጀመሪያ የምታማክረው ፖሊስን ወይም ሐኪምን አይደለም። እህቷን፣ የልብ ጓደኛዋን፣ ሚዜዋን ወይም የንስሐ አባቷን ነው። እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን የሚሰጡት መልስ ቀጥሎ የሚመጣውን ይወስናል። «ቻይው፣ ሆድ ይፍጀው» የተባለች ሴት ሁለተኛ አትናገርም። «ዛሬውኑ ጥለሽው ውጪ» የተባለችም እንደዚሁ ትርቃችኋለች፤ ለመውጣት ያልተዘጋጀች ስለሆነች ከእንግዲህ እናንተንም መዋሸት ይኖርባታል። ስለዚህ መመሪያው በዋናነት የተጻፈው ለረዳቶች ነው።

«እሷ» እያልን የምንጽፈው ጉዳቱ በብዛት በሴቶች ላይ ስለሚበረታ ነው። ወንድም በሚስቱ ወይም በፍቅረኛው ይጠመዘዛል፤ ስለ እሱ ወደ በኋላ እንመለሳለን።

1. ድግግሞሹን መያዝ

ቅናት፣ ኩርፊያና ቁጣ የሌለበት ቤት የለም። አንድ ቀን ስለተጮኸባት ብቻ «ጫና ውስጥ ነሽ» ብሎ የሚጀምር ረዳት አመኔታ ያጣል። የስሜት ጫና የምንለው አንደኛው ወገን የሌላውን ፍርሃት፣ ይሉኝታ፣ ፍቅር ወይም የጥፋተኝነት ስሜት እንደ ልጓም ይዞ ውሳኔውን ሁሉ ሲመራበት ነው። ይህን ለመለየት አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

ጠቡ በምን ያልቃል? ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ይቅርታ ጠያቂዋ ሁልጊዜ እሷ ከሆነች፣ ያ የመጀመሪያው ምልክት ነው።

«እምቢ» ስትል ምን ይከተላል? ጤናማ ሰው ቅር ይለዋል፣ ይከራከራል፣ ከዚያ ይተዋል። ጫና የሚያደርግ ሰው ቅጣት ያስከትላል፦ የቤት ወጪ ይቋረጣል፣ ልጆቹ ፊት ትዋረዳለች፣ ያመነችውን ምስጢር ለዘመድ ያወጣባታል።

ባለፉት ስድስት ወራት ምን ተወች? ስም እየጠሩ መቁጠር ያስፈልጋል፦ መሄድ ያቆመችበት ማኅበር ወይም ሰንበቴ፣ ማናገር የተወችው ጓደኛ፣ መልበስ የተወችው ልብስ፣ ያቋረጠችው የማታ ትምህርት። «ራሴ ነው የተውኩት» ብትል አትከራከሯት። «ብትጀምሪው ምን ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ፊቷ ላይ የምታዩት ከቃሏ በላይ ይነግራችኋል።

ሰው ፊትና ለብቻ አንድ ዓይነት ነው? አለቃው ፊት፣ አማቱ ፊት፣ ቄስ ፊት ቁጣውን መግታት የሚችል ሰው እሷ ላይ ብቻ «ንዴት አሸነፈኝ» ካለ፣ ንዴቱ አላሸነፈውም። የት እንደሚናደድ መርጧል።

ኩርፊያን ለብቻው እናንሳ፤ በእኛ አገር ብዙ የሚያሳስተው እሱ ነውና። የተለመደው ኩርፊያ ምክንያቱ ይታወቃል፣ ከሁለቱም ወገን ይነሳል፣ ቡና ሲፈላ ወይም ልጅ ሲያስቅ ይበርዳል፣ ኩርፊያው እያለም የቤቱ ኑሮ ይቀጥላል። ለመቅጣት የሚደረገው ግን ምክንያቱ አይነገርም፤ «አንቺ ታውቂዋለሽ» ብቻ ነው። ያበሰለችውን አይበላም፣ እንግዳ ፊት ስትጠይቀው አይመልስም፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሳምንት ይዘልቃል። የሚያበቃውም አንድ ነገር አሳልፋ የሰጠች ዕለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የመጨረሻዎቹን ሦስት ኩርፊያዎች አስታውሳ ምክንያቱን፣ የቆየበትን ቀንና ያበረደውን ነገር ትንገራችሁ። ሦስቱንም ያበረደው እሷ የሆነ ነገር መተዋ ከሆነ ስለ ጠባይ ማውራት ይቅርና ስለ ጫና እንነጋገር።

2. በብዛት የሚታዩ መልኮች

*ጥድፊያ።* ከተዋወቁ ገና በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌ ልላክ ይላል፣ በቀን ሠላሳ ጊዜ ይደውላል፣ «ያለ አንቺ መኖር አልችልም» ይላል፣ ስጦታውን ጓደኞቿ ፊት ያመጣል። ፍቅሩ እውነት ሊሆን ይችላል። መፈተኛው «ቀስ እንበል» ማለት ነው። የሚወድ ሰው ይታገሣል፤ የሚያጠምድ ሰው ይቆጣል ወይም «አልወደድሽኝም» ብሎ ያለቅሳል።

*መሐላ።* «በእናቴ ሞት»፣ «ማርያምን»፣ «እኔን ቅበሪኝ» እያለ ማስማል። አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወስዶ «ከዚህ በኋላ ከእገሊት ጋር አልነጋገርም ብለሽ ማይ» ይላል። የዚህ ጉልበቱ እሱ በሌለበትም መሥራቱ ነው፦ ማንም ሳያያት ራሷ ራሷን ትጠብቃለች። ተገድዶ የተማለ መሐላ የሚያስጨንቃት ከሆነ የንስሐ አባቷን ለብቻዋ ታማክር።

*ራሷን እንድትጠራጠር ማድረግ።* ትናንት ያለውን ዛሬ «አላልኩም» ይላል፤ ያስቀመጠችውን ብር ወስዶ «ጥለሽው ነው» ይላል፤ ሲደጋገም «ጭንቅላትሽ ልክ አይደለም» ይመጣል። በአካባቢያችን ይህ አንድ ተጨማሪ እርከን አለው፦ «ዓይነ ጥላ አለባት»፣ «መንፈስ ነው» ብሎ ለቤተሰቧ ማስወራትና ጸበል ውሰዷት ማለት። ጸበል መሄዷ ችግር የለውም፤ ብዙ ሴቶች እዚያ ዕረፍት ያገኛሉ። ችግሩ ከዚያ በኋላ የምትናገረው ሁሉ «ሕመሟ ነው» ተብሎ መጣሉ ነው። እንዲህ ሲወራ ስትሰሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እሱ በሌለበት፣ ለምሳሌ ወላጆቿ ቤት አንድ ሳምንት ስትቆይ፣ እንዴት ናት? ደህና ከሆነች መልሱን አግኝታችኋል።

*ከሰው መለየት።* በአንድ ጊዜ አይደረግም። መጀመሪያ አንዲት ጓደኛ «ታበላሽሻለች» ትባላለች፣ ከዚያ የጎረቤት ቡና፣ ከዚያ እህት። በሦስተኛው ዙር የሚሰማት ሰው ሲጠፋ እውነቱን የሚነግራት እሱ ብቻ ይሆናል። እንዳትመጣ የተከለከለች እህት ተቀይማ ብትቀር ሥራውን ጨረሰችለት ማለት ነው።

*ገንዘብ።* ደመወዟን ተቀብሎ የታክሲ ብቻ መስጠት፣ የቴሌብር ምስጢር ቁጥሯን መያዝ፣ በስሟ መበደር። ዓረብ አገር ያሉ ልጆቻችን የሚደርስባቸው ሌላ ነው። እጮኛው «ቦታ ገዝቼ መሠረት አስጥያለሁ» ይላል፣ በየወሩ ብር ትልካለች፣ ስትጠይቅ «አታምኚኝም? እንግዲያው ይቅር» ብሎ ለቀናት ስልኩን ያጠፋል። ደንግጣ እጥፍ ትልካለች። እንዲህ ላለችው የሚጠቅማት ምክር ሳይሆን ሰነድ ነው፦ ቦታው በማን ስም እንደተያዘ ከማዘጋጃ ቤቱ ወይም ከቀበሌው አንድ የምታምነው ዘመድ አይቶ ፎቶ ይላክላት። ሰነዱን ላለማሳየት የሚሰጠው ሰበብ ከሁለት ካለፈ የሚቀጥለውን ብር ታቁም።

*ስምና ገመና።* «ለአባትሽ እነግራለሁ»፣ «ፎቶሽን እለቀዋለሁ»። በትንሽ ከተማ ስም ማጥፋት ሥራም ትዳርም ያሳጣልና ይህ ማስፈራሪያ ብቻውን አንዲትን ሴት ለዓመታት ሊይዛት ይችላል።

*ቁርባን።* «ቆርበናል፤ የትም አትሄጂም» ማለት። ነፍስን ለማዳን ለጊዜው ተለይቶ መቀመጥና ቁርባንን ማፍረስ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የንስሐ አባታቸው አንድ ከሆኑ ደግሞ ቀድሞ የሚነግራቸው ባልየው ነው፤ ስለዚህ እሷ ቀድማ፣ ለብቻዋ፣ ባይሆን ከእናቷ ጋር ትሂድ። ሙስሊም ከሆነች ኢማሙን ወይም ቃዲውን በዚሁ መንገድ ታናግር።

3. የመጀመሪያው ንግግር

ቦታው። ቤቷ አይሁን፤ ጎረቤት የተሰበሰበበት ቡናም አይሁን። ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጸጉር ስትሠራ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ይሻላል። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ተቀምጦ ከማውራት ይቀላታል። ስልኳ ቤት ቢቀር ወይም ቢጠፋ መልካም ነው፤ ግን ሁልጊዜ የሚደውል ከሆነ ስልክ መጥፋቱ ራሱ ጠብ ያመጣልና እሷን ጠይቁ።

አጀማመሩ ያያችሁትን ብቻ መናገር ነው፦ «እታለም፣ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ማኅበር አልመጣሽም፤ ስንደውልም ቶሎ ትዘጊዋለሽ። አሳስቦኛል።» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ሲረዝም የሚያስጨንቀው ረዳቱን ስለሆነ አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ምክር ይጀምርና ነገሩን ያበላሸዋል።

እሱን አትስደቡት። «ድሮም ሰው አይደለም» ስትሉ እንድትከላከልለት ታስገድዷታላችሁ፤ ምርጫዋንም ሰደባችሁባት። ስለ ድርጊቱ ተናገሩ፦ «ልጆችሽ ፊት እንዲህ መባልሽ ልክ አይደለም።» «ለምን ቻልሽው?» የሚለው ጥያቄም መልስ የለውም፤ ክስ ነው። በምትኩ «እስካሁን እንዴት ቻልሽው?» ቢባል የቻለችበትን ብልሃት ትናገራለች፤ ኋላ ዕቅድ ስታወጡ የምትጠቀሙበትም ያንኑ ነው።

ሁሉንም ካደች? ተቀበሉ። «እሺ፤ ደህና ከሆንሽ ደስ ይለኛል። የፈለግሽ ዕለት በሌሊትም ቢሆን በሬ ክፍት ነው።» ይህን ብላችሁ ወሬ ለውጡ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጊዜ የምትከፍት ብዙ ናት። የነገረቻችሁን ለባላችሁም ለእናቷም ሳታስፈቅዱ አትናገሩ፤ በእኛ ሰፈር ወሬ ከምታስቡት ቀድሞ እሱ ጋ ይደርሳል።

ይህን የምታነቢው አንቺ ራስሽ ከሆንሽና የምታወሪው ሰው ከሌለ፣ እሱ መጀመሪያ ከአንቺ ያራቀውን ሰው አስቢ። «ታበላሽሻለች» የተባለችው ጓደኛ ብዙ ጊዜ ቀድማ ነገሩ የገባት ናት። «ጠፍቼብሽ ነበር፤ ናፍቀሽኛል» በቂ መጀመሪያ ነው፤ ዝርዝሩን በዚያው ቀን መናገር አይጠበቅብሽም።

4. መመዝገብ

መመዝገብ ሁለት ጥቅም አለው። «አላልኩም» የሚለውን ሰው ፊት ራሷን ማመን ትጀምራለች፤ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ወይም ፍርድ ቤት ቢሄድ ደግሞ ቃሏ ቀን ይኖረዋል።

የሚጻፈው ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ ማን እንደነበረና ከዚያ ምን እንደሆነ ነው። «ሰደበኝ» ብቻ አይጠቅምም፤ የሰደባት ቃል ይጻፍ። መጻፍ የማትችል ከሆነ ቀኑን በበዓል ትያዝ፦ «በ12 በሚካኤል ማታ»፣ «በ16 በኪዳነ ምሕረት ዋዜማ»፣ «በ21 በማርያም ከገበያ ስመለስ»። እናቶቻችን ቀን የሚይዙት እንዲህ ነው፤ ለመርማሪ ሲነገርም ግልጽ ነው። ይህን ለእናንተ ትንገራችሁ፣ እናንተ ጻፉት።

ደብተሩ ቤቷ አይቀመጥ። የማስፈራሪያ መልእክት ሲመጣ አታጥፋ፤ ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ ስክሪኑን ፎቶ ታንሳ፣ ለታማኝ ሰው ትላክ፣ የላከችውን ከራሷ ስልክ ታጥፋ። ዋናው መልእክት ግን እንዳለ ይቆይ።

5. ስልክና ገንዘብ

ማንኛውንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት ጠይቋት፦ «ብንቀይረው ያውቃል? ቢያውቅ ምን ያደርጋል?» የለመደው መንገድ በድንገት ሲዘጋ የሚብስ ሰው አለ። እንዲህ ከሆነ የእሷን ስልክ ሳትነኩ ለአስቸኳይ ነገር የእህቷን ወይም የጎረቤትን ስልክ መጠቀም ይሻላል።

መቀየር የሚቻል ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

• ሲም ካርዱ በማን ስም ነው? በእሱ ስም ከሆነ «ጠፋብኝ» ብሎ በምትኩ ሌላ ሊያወጣበት፣ በዚያም ቴሌግራሟንና ቴሌብሯን ሊከፍት ይችላል። በመታወቂያዋ በራሷ ስም አዲስ ታውጣ።

• *#21# ደውላ ጥሪዋ ወደ ሌላ ስልክ መተላለፉን ትይ፤ የሚተላለፍ ከሆነ ##002# ይሰርዘዋል።

• ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ገብታ ዲቫይስስ የሚለውን ትክፈት፤ ዋትሳፕ ላይ ሊንክድ ዲቫይስስ። የማታውቀው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ታስወጣው። ከዚያ የቴሌግራምን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ታብራ።

• በጉግል ማፕስ ላይ ያለችበትን ቦታ ለሌላ የሚያጋራው ነገር ተከፍቶ እንደሆነ ትይ።

• የቴሌብርና የባንክ ምስጢር ቁጥሮችን ትቀይር። የልደት ዓመት፣ የልጅ ልደት ወይም የሠርግ ቀን አይሁን፤ እሱ የሚሞክረው እነዚያን ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያወጡ በእቁብ ወይም በእህት ስም ማስቀመጥ የቆየ የሴቶች ብልሃት ነው፤ ይሠራል። ቢያንስ ለሁለት ሰው መሳፈሪያና ለአንድ ሳምንት ምግብ የሚበቃ ብር በጥሬው ይኑር። ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰሞን ቴሌብር ላይ ያለ ብር የለም እንደማለት ነው።

6. አደጋው ምን ያህል ነው?

የስሜት ጫና ብቻውን ሊቆይ፣ ወደ ዱላም ሊሻገር ይችላል። ከሚከተሉት አንዱ ካለ ጊዜ አትስጡት፦ አንገቷን አንቆ ያውቃል፤ ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ አለና ሲናደድ ያወጣዋል ወይም ስሙን ይጠራል፤ «ገድዬሽ ራሴን እገድላለሁ» ብሏል፤ የምትሄድበት ሁሉ ይከታተላል፤ ነፍሰ ጡር ሆና መትቷታል። መታነቅ ምልክት ሳይተው ከቀናት በኋላም ሊጎዳ ስለሚችል ድምፅዋ ከጎረነነ፣ መዋጥ ካቃታት ወይም ራሷን ከሳተች በዚያው ቀን ሐኪም ትይ።

ከሁሉ የሚከፋው ጊዜ ልትለየው እንደሆነ ያወቀበት ጊዜና ከተለየች በኋላ ያሉት ወራት ናቸው። ስለዚህ «እሄዳለሁ» ብላ ማስፈራራት አይገባትም። የምትሄድ ከሆነ እሱ ሥራ ላይ ወይም ሩቅ መንገድ በሄደበት ቀን ትሂድ።

አስቀድሞ ሌላ ቤት መቀመጥ ያለባቸው፦ መታወቂያና የፋይዳ ቁጥር፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆች የልደትና የክትባት ካርድ፣ የባንክ ደብተር፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ አንድ ቅያሪ ልብስ። ገጠር ከሆነ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ብዙ ጊዜ የሁለቱም ስም አለ፤ ዋናውን ማውጣት ካልቻለች እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ታንሳ።

የምትሄድበት ቦታ ሁለት ይሁን፦ አንዱ በእግር የሚደረስበት፣ አንዱ ራቅ ያለ። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ባሕር ዳር ያለች አክስት አትደርስላትም። በስልክ የምትናገሩት የተስማማችሁበት ተራ ቃልም ይኑር፤ ለምሳሌ «የበርበሬው ወንፊት አንቺ ጋ ነው?» ካለች ትርጉሙ «ሰው ላኩልኝ» ይሁን።

7. «ራሴን አጠፋለሁ» ሲል

ይህን ማስፈራሪያ ሁልጊዜ ውሸት ነው ብሎ ማለፍም፣ ሁልጊዜ እየሮጡ መሄድም ስህተት ነው። እውነት እንደሆነ ይቆጠር፤ ግን የሚመልሰው እሷ አትሁን። ወዲያው ለሁለት የእሱ ዘመዶች፣ ለምሳሌ ለወንድሙና ለእናቱ፣ ትናገር። እነሱ አብረውት ይቀመጡ፤ መሣሪያና የተባይ መድኃኒት ከቤት ያውጡ፤ «ራስህን ለመግደል አስበሃል? በምን?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። እሷ በሌሊት ለብቻዋ እሱ ጋ አትሂድ። በእውነት የታመመ ከሆነ ሐኪም ያገኛል፤ ማስፈራሪያ ብቻ ከሆነም ወንድሙ በመጣ ቁጥር ጥቅሙ ያልቃል።

8. ሽማግሌ፦ መቼና እንዴት

አንቆ፣ በመሣሪያ አስፈራርቶ ወይም አስገድዶ ደፍሮ ከሆነ ሽምግልና ቦታው አይደለም፤ ያ ወንጀል ነው። ልጅቷ ከ18 ዓመት በታች ከሆነችም እንደዚሁ። ከዚያ በመለስ ግን በደንብ የተያዘ ሽምግልና ብዙ ይሠራል፤ ክፉኛ የተያዘ ደግሞ ጫናውን በሽማግሌ ማኅተም ያጸናዋል።

የሚበላሽበት መንገድ የታወቀ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀምጡና «ተናገሪ» ይሏታል። ማታ አብራው የምትገባውን ሰው ፊት ለፊት እያየች ምን ትናገራለች? «ትንሽ ይቆጣል» ትላለች። እሱ ያለቅሳል፣ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ላይ ይወድቃል፣ የተሰበሰበው ሁሉ «በቃ፣ ይቅር በይው» ይላል። ያን ጊዜ እምቢ ካለች ጥፋተኛዋ እሷ ናት። የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል ወይም ለፋሲካ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ነው። እንዲህ የተገኘ እርቅ ከበዓሉ አይዘልቅም።

ስለዚህ ሽማግሌ የሆናችሁ እንዲህ አድርጉ። ለየብቻ አናግሩ፤ እሷን ቀድማችሁ፣ ሌላ ቤት፣ በሌላ ቀን። ከመካከላችሁ ቢያንስ አንዲት የተከበረች ሴት ትኑር፤ ለወንድ የማይነገር አለ። የነገረቻችሁን ወደ እሱ አትውሰዱ፤ «እንዲህ ብላለች» የሚል ቃል ከአፋችሁ ከወጣ ያን ማታ የምትከፍለው እሷ ናት።

«ተከባበሩ» ብላችሁ አትሸኙ። የሚቆጠር ነገር አስይዙ፦ ስልኳን አይወስድም፤ ወር በገባ በ5ኛው ቀን ለቤት ወጪ ይህን ያህል ይሰጣል፤ ሰንበቴዋን ትሄዳለች፤ እህቷ ትመጣለች። ይጻፍ፣ ዋስ ይጥራ። መመለሻ ቀን ቁረጡ፤ አንዱ ከአንድ ወር በኋላ፣ ሌላው ከሦስት ወር በኋላ፤ በዚያም ቀን አሁንም እሷን ለብቻ ጠይቁ። ይቅርታውን ደግሞ በዚያው ዕለት አትጠይቋት። የተጸጸተ ሰው ሦስት ወር መጠበቅ ይችላል።

9. ሕጉ የሚይዘውና የማይዘው

በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ በሚፈጸም የኃይል ድርጊት የሚደርስን ጉዳት ይሸፍናል፤ አካልን ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ጤናንም ይጨምራል። የአእምሮ ጉዳት ግን በሐኪም ወረቀት ካልታየ በቃል ብቻ ማስረዳት ይከብዳል፤ እንቅልፍ አጥታ፣ ልቧ እየመታባት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ምክንያቱንም ለሐኪሙ ነግራ ካርዷ ላይ ታስጽፍ። አብረው የማይኖሩ ፍቅረኞችን ይህ አንቀጽ አይመለከትም፤ ለእነሱ ማስፈራራትን (አንቀጽ 580)፣ አሳጣሻለሁ ብሎ መዛትን (581) እና ማስገደድን (582) የሚመለከቱት ድንጋጌዎች አሉ። ፎቶሽን እለቃለሁ ማለትን፣ በመልእክት ደጋግሞ ማስፈራራትንና ማስጨነቅን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ይከለክላል። ኩርፊያን፣ ከሰው መለየትን፣ ማናናቅን ብቻውን የሚቀጣ አንቀጽ ግን የለም፤ ይህን ሳትነግሩ ወደ ፖሊስ አትስደዷት፤ ባዶ እጇን ስትመለስ ይብስባታል።

የት ይኬዳል? በወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፤ በፖሊስ ጣቢያ ሴት መርማሪ ካለች እሷ ጋ፤ ለሕግ ምክር የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ አገልግሎት አላቸው። ተማሪ ከሆነች የዩኒቨርሲቲዋ የሥርዓተ ፆታ ክፍል ይቀርባታል። ገጠር ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጥሩ መነሻ ናት፤ ቤት ለቤት ስለምትዞር ወደ እሷ መሄድ ጥርጣሬ አያመጣም። በሁሉም ቦታ አብራችኋት ሂዱ፤ ታሪኩን ግን እሷ ትናገር።

10. ተጎጂው ወንድ ሲሆን

ምልክቶቹ ያው ናቸው፤ ማሳፈሪያው ይለያል። «ወንድ አይደለህም»፣ «ልጆችህን አታያቸውም»፣ ዘመዶቹ ፊት ማዋረድ፣ ራሷን እንደምትጎዳ መዛት። የጎጃም ወንድ ይህን አፍ አውጥቶ ከሚናገር መጠጥ ቤት ማምሸት ይቀለዋል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚታየው ያ ነው። ከሥራ ጋር አያይዛችሁ አናግሩት፤ ደቦ ላይ፣ መንገድ ላይ። «ሚስትህን ቅጣት» የሚል ምክር ከማንም ሲመጣ አስቁሙት፤ ተጎጂውን ወንጀለኛ ያደርገዋል። ምዝገባው፣ ስልኩ፣ ሽማግሌው ለእሱም እንደዚያው ይሠራል።

11. ከወጣች በኋላ፣ ወይም ከተመለሰች

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሷ እንደ ዕረፍት አይሰሟትም። ትናፍቀዋለች፣ ታለቅሳለች፣ «ያጠፋሁት እኔ ብሆንስ?» ትላለች። «ገና አልወጣልሽም?» አትበሉ። ከደብተሩ አንድ ገጽ አብራችሁ አንብቡ፤ ይበቃል። በዚያው ሰሞን ከእሱ ወገን አበልጅ፣ የሥራ ባልደረባ፣ አሮጊት እናቱ ሳይቀሩ ይመጣሉ። የሚያነጋግራቸው አንድ ሰው ከእናንተ ይመረጥ፤ ሌላው ሁሉ «እገሌን አናግሩ» ብሎ ይመልስ። ልጆች ካሉ ስለ ልጆች ብቻ፣ በአጭር ጽሑፍ መልእክት፣ በቀን ይነጋገሩ።

እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከጠፋ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃታት ወይም መሞትን ካነሳች ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ ወደ አእምሮ ሕክምና እንዲልኳትም ጠይቁ። ጸበልም ከፈለገች ሁለቱ አይጣሉም፤ የታዘዘላትን መድኃኒት ግን እንዳታቋርጥ ለሚያጠምቁት አስቀድማችሁ ንገሩ።

ለልብስም ለቤት ኪራይም «ይህን አድርጊ» እያላችሁ እንዳትወስኑላት። ለዓመታት ሌላ ሰው ወስኖላታል፤ የእሱን ትእዛዝ በእናንተ ትእዛዝ ከተካችሁት ጌታ ቀየረች እንጂ አልተፈታችም። ሁለት አማራጭ አቅርባችሁ ጠብቁ፤ ብትዘገይም ትምረጥ።

ብዙዎች ይመለሳሉ፤ አንዳንዶች ደጋግመው። ስትመለስ አትቀየሙ፣ የረዳችሁበትንም አትቁጠሩባት። የተስማማችሁበት ቃል ይቆይ፣ ደብተሩና ሰነዶቹ እናንተ ጋ ይቆዩ፣ የምትደውሉበት ቀንም አይቀየር፤ እሱ ስልኩን ቢያነሳ ስለ ማኅበሩ ድግስ ጠይቃችሁ ሰላም ብላችሁ ዝጉ።